ድምፅዋን አታጣድፉት

የተከበራችሁ የከተማችን ሽማግሌዎች፣ ወላጆች፣ መምህራንና ወጣቶች፤

ዛሬ ማታ እዚህ የተሰበሰብነው እዚሁ ሄርማታ ሰፈር ተወልዳ በዓይናችን ሥር ያደገችው፣ አሁን በ24 ዓመቷ የኦፔራና የቀደምት ሙዚቃ ትምህርቷን ልትቀጥል ወደ አውሮፓ የምትመለሰውን ልጃችንን ልንሸኝ ነው። የጅማን ሕዝብ በእሷ ስም እንዳመሰግን ተጠይቄአለሁ፤ አመሰግናለሁም። ነገር ግን ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝሁትን ሳልናገር ብሸኛት ሽኝቴ ሽኝት አይሆንም።

ታስታውሳላችሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ለዕረፍት መጥታ ሳለ በአንድ ትልቅ በዓል ላይ እንድትዘፍን ተጠየቀች። እሷ የመረጠችው እንግሊዛዊው ሄንሪ ፐርሰል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኦፔራ የደረሰውን የንግሥት ዳይዶን የስንብት ዜማ ነበር። ከሥር አንድ ወደ ታች የሚወርድ ዜማ ሳያቋርጥ ይመላለሳል፤ ከላይ ዘፋኟ ሳትጮህ፣ ትንፋሿን እየቆጠበች፣ እያንዳንዱን ቃል ታስለቅሰዋለች። አዘጋጆቹ ግን «ይህማ እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለ ኢትዮጵያዊት ልዕልት የተደረሰ ኦፔራ እያለ እሱን ካልዘፈነች ምኑን ተማረችው?» አሉ። አይዳን፣ ጁሴፔ ቨርዲ ደርሶት እ.ኤ.አ. በ1871 መጀመሪያ ካይሮ ላይ የታየውን ኦፔራ ማለታቸው ነበር። ምርኮኛዋ ልዕልት በግብፅ ምድር ሆና አገሯን የምትናፍቅበት ዜማ እኔንም አንጀቴን ይበላዋል። ሆኖም ያን ዜማ የሚሸከመው የጎለመሰ ድምፅ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለውን ከፍተኛ ድምፅ በጉልበት ሳይሆን በልስላሴ መያዝ ይጠይቃልና። ልጅቱ ገና 22 ዓመቷ ነበር፤ ጉንፋንም ይዟት ነበር። እምቢ ብትል ኮራች እንዳይሏት ፈርታ ዘፈነች። ድምፅ ማጉያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ራሷን መስማት ስላቃታት የባሰውን ጮኸች። እኛም አጨበጨብን። በማግስቱ ድምፅ አልነበራትም፤ ሐኪም ሦስት ሳምንት እንዳትናገር አዘዛት፤ በዚያው ወር የነበረው የመድረክ ፈተናም አመለጣት። እኔ ያስተማርኋት ሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሚሆነውን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን ኦርኬስትራውን አልፋ የምትሰማው ስለምትጮህ አይደለም። ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ፣ ወደ ላይ ስትወጣ አገጯን ዝቅ አድርጋ የአፏንና የጉሮሮዋን ቅርጽ ከምትይዘው ድምፅ ጋር ታስማማለች፤ ሰውነቷ ራሱ ማጉያዋ ይሆናል፤ ይህም በዓመታት ልምምድ እንጂ በአንድ በዓል ማታ አይገኝም። የቀደምት ሙዚቃ ቡድኖችም የባሮክን፣ ማለትም የ17ኛውንና የ18ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ሥራዎች ሲጫወቱ አብዛኛውን ጊዜ የመቃኛውን ድምፅ «ላ»ን ዛሬ ከተለመደው 440 ኸርዝ ዝቅ አድርገው በ415 ይቃኛሉ፤ የመሣሪያዎቹ አውታርም ከአንጀት የተሠራ በመሆኑ ድምፃቸው ለስለስ ይላል። ወጣት ድምፅ ሳይታገል የሚያድገው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ ፐርሰልንና ሌላውን የባሮክ ደራሲ ሃንደልን በመምረጧ አቅም አነሳት የሚል ሰው ቢኖር የራሷን አቅም ከእሱ ይልቅ አጥርታ የምታውቀው እሷ መሆኗን ይወቅ!

ደግሞስ እኛ ይህን የምናጣው ሰዎች ነን? ድጓ ቤት የገባን ልጅ በሁለተኛው ዓመት ማኅሌት ምራ የሚለው ማን ነው? መንዙማ የሚያወጣው ሰውስ ስንት ዓመት ከተቀባዮቹ መካከል ተቀምጦ አዳምጧል? ለገዛ ዜማችን የምንሰጠውን ትዕግሥት ለገዛ ልጃችን ጉሮሮ ለምን እንነፍጋለን?

ከተማችን የተቃኘ ፒያኖና ድምፅ የማይበተንበት አዳራሽ እንደሚያስፈልገው ለመናገርም አስቤ ነበር። ለወላጆቿ የተሰበሰበውን የጉዞ ገንዘብ ኮሚቴው ዛሬውኑ ያስረክባል።

ልጄ፣ ያን ቀን ስለ አንቺ መናገር ነበረብኝ። ይቅር በዪኝ። አሁን ያን ጊዜ የመረጥሽውን ትዘፍኛለሽ። ማጉያው ይጥፋ፤ በሩ አጠገብ የቆማችሁ ወንድሞች፣ እባካችሁ ዝጉት።