አባዬን ከየት አገኘሽው?

እየቀዳ ነው? እሺ። ከኋላዬ የምትሰሟት እማማ ናት፣ ኮምፒውተሬ። ማራገቢያዋ ዛሬ ብሶበታል፣ እንደ ወፍጮ ቤት ነው የምታጓራው። ላጥፋት ብል ደግሞ መልሳ አትነሳልኝም፣ ስለዚህ ቻሏት።

ዛሬ ያንን ቃል የገባሁላችሁን ነበር የማወራው፤ እሱ ይቆይ። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ስልክ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል።

ጋሼ ደወሉ። ባለፈው ቡናው ቀጠነ ብለው የተቆጡኝ ጋሼ፣ አዎ፤ የእሳቸውም ጽሑፍ ዋቢዎቼ ውስጥ አለ። የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሦስት ከነዋቢዎቹ አትሜ ልኬላቸው ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ አያነቡም። ስልኩን አነሳሁ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፦

«አንቺ ልጅ፣ አባዬን ከየት አገኘሽው?»

«አቤት ጋሼ?»

«ገጽ ዘጠና ሁለት ላይ ተቀምጧል።»

ወረቀቱን አልገለጥኩም፣ መግለጥም አላስፈለገኝ። ወዲያው ገባኝ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ዝቅ አለ። የጋሼ ጽሑፍ በአባታቸው ስም ነው የተዘረዘረው። አባትየው ከፊት በሙሉ ስማቸው፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ ጋሼ ራሳቸው አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ሆነው። ሰባ ምናምን ዓመት የኖሩ ሰው፣ አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ።

ስማቸውን አልናገርም። ባለፈው ሳላስፈቅድ አንድ ስም አንስቼ የመጣብኝን አይታችኋል።

ወርድን ትቼ በማርክዳውን ስለምጽፍ «ወርድ ምን አደረገሽ» የምትሉኝ ሰዎች ዛሬ ደስ ይበላችሁ። ግን የወርድና የማርክዳውን ጉዳይ አይደለም፣ እምላለሁ። ማርክዳውን ማለት በተራ ጽሑፍ መጻፍ ነው፤ ዋቢዎቹ ሌላ አንድ ተራ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ መለያ አወጣለታለሁ፣ ጽሑፉ ውስጥ የአት ምልክት (@) አድርጌ መለያውን እጠራለሁ፣ ፓንዶክ የሚባለው ፕሮግራም ሄዶ ያመጣዋል። ቆንጆ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን ራሱ ደርድሮ ሲሰጠኝ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ ምንም ቢሆን።

ችግሩ ፋይሉ የሚጻፍበት ሥርዓት፣ ቢብቴክ፣ 1985 ላይ ኦረን ፓታሽኒክና ሌስሊ ላምፖርት ሲሠሩት፣ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ተብሎ ነው። ነጠላ ሰረዝ ከሌለ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው፣ አለቀ። ለጀርመኖቹ «ፎን» ቦታ አለው። ለ«ጁኒየር» ቦታ አለው። አባቱን አስከትሎ ለሚጠራ ሰው ግን... የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴ ብለህ ጻፍ፣ «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ይመልስልሃል። የታሪክ ትምህርት ክፍል ሄደህ «ዘውዴ 1991 ላይ እንዳለው» በላ! ዘውዴ ማነው ይሉሃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ እሱ ነው የሚያበግነኝ። ስሙን በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ታጥረዋለህ፤ «ይሄ አንድ ነው፣ አትበጥሰው» ማለት ነው። ስሙ እንዳለ ይወጣል። እኔም አውቀዋለሁ! ለባሕሩ አጥሬያለሁ። ለታደሰ ታምራት አጥሬያለሁ። ለጋሼ አላጠርኩም።

እዚህ ጋ ነው... ቆይ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ለምንድነው ለታዋቂዎቹ ያጠርኩት? እነሱ ቢገለበጡ አማካሪዬ ገና በጨረፍታ ያየዋል፣ ሁሉም ያየዋል፣ አፍራለሁ። የጋሼን ማን ያያል ብዬ ነው? እንዲህ ብዬ አላሰብኩም፣ በፍጹም። ግን ሳላስብ የሠራሁት ነገር ቢታይ እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ወይም ደክሞኝ ነበር። ይሄም ሊሆን ይችላል። የዚያን ሳምንት የዓመተ ምሕረቱ ጣጣ ላይ ነበርኩ። ይሄን ሰምታችሁ ሳቁ፦ 1967 ዓ.ም. የታተመ፣ ስለ አብዮቱ የሚያወራ ነገር አለኝ። ማሽኑ 1967ን እንደ ፈረንጅ ነው የሚያነበው። አብዮቱ 1974። ስለዚህ ጸሐፊው አብዮቱን ከሰባት ዓመት በፊት አይቶታል፣ ነቢይ ነው! እሺ ልቀይረው፣ ስንት ልበለው? መስከረም ላይ ታትሞ ከሆነ 1974፣ ሚያዝያ ላይ ከሆነ 1975። ሽፋኑ ላይ ወር የለም። ሁለቱንም በእዝባር ጻፍኩ። ማሽኑ ተቆጣ። አንድ ቀን ሙሉ ከእሱ ጋር።

ፍለጋውስ? «ባህሩ» ብዬ ስፈልግ ዜሮ። በሃሌታው ነው የፈለግኩት፣ ፋይሉ ውስጥ በሐመሩ ነው የጻፍኩት። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ ሁለት። ሲደረድር ደግሞ «ሀይለ»ን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጥና «ኃይለ»ን ከተ እና ከቸ በኋላ ይወረውረዋል። አጎትና የወንድም ልጅ በማይገናኙበት ገጽ...

ምን እያልኩ ነበር? ስልኩ።

«ጋሼ በጣም ይቅርታ» አልኩ፣ ስለ ቅንፉ ማስረዳት ጀመርኩ። ለጋሼ! ስለ ጥምዝ ቅንፍ! በስልክ! ዝም ብለው ሰሙኝ። እያወራሁ እጄ ፋይሉን ከፍቷል፣ ቅንፎቹን አስገብቷል፣ ሴቭ ብሏል። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አባዬ ፊደል አልቆጠረም። ስሙንም ሲፈርም በጣቱ ነበር።»

ዝም። እኔም ዝም። ከጀርባቸው ሬዲዮ ይሰማል፣ ሰው ዜና ያነባል።

ከዚያ አንድ ድምፅ አወጡ። ይሄንን ነው ደጋግሜ የምሰማው። ሳቅ ነው? በአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት ነገር ነው። ሳል ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ ያስላቸዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ስንቴ በጭንቅላቴ መልሼ እንዳጫወትኩት። ጠዋት ሳቅ ነው፣ ማታ ሳቅ አይደለም።

«ተይው» አሉ። «አንዴ ተቀምጧል፣ ይቀመጥ። በይ ደህና ሁኚ።» ዘጉት።

እና ምን ማለት ነው? ተቀይመው ነው? «የፈለግሽውን አድርጊ» ዓይነት «ተይው» አለ፣ እናቶቻችን የሚሉት፣ ያ ከሆነ አለቀልኝ። ወይስ የእውነት ነው? አባታቸውን መጽሐፍ ላይ አይተው...

የእውነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁሉም ሰው በራሱ ስም ተደርድሮ ጋሼ ብቻቸውን በአባታቸው? አማካሪዬ ስህተት ነው ይለኛል፣ ልክ ነው፣ ስህተት ነው። «ባለቤቱ ጠይቀውኝ ነው» ልበል? በግርጌ ማስታወሻ? ባለቤቱስ ጠይቀውኛል?

የእኔም ስም እኮ አንድ ቦታ ላይ ተገልብጦ ወጥቷል፣ ያቺ አጭር ጽሑፌ። ያኔ ተናድጄ አርሙልኝ ብዬ ጻፍኩ። አባቴ አይቷት ነበር? አላውቅም። አላሳየሁትም መሰለኝ። እሱን ተዉት።

ትናንት ማታ ቅንፎቹን አጠፋኋቸው። ዛሬ ጠዋት መለስኳቸው። ዓርብ ማተሚያ ቤት እወስደዋለሁ ብያለሁ። ልደውልላቸው ብዬ ስልኩን አነሳለሁ፣ ደውዬስ ምን እላለሁ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ስቀው ነበር ወይ» ይባላል? ምናልባት ቡና ይዤ ብሄድ፣ ወፈር ያለ፣ ፊታቸውን ባይ...

ፋይሉ አሁንም ተከፍቶ ነው ያለው፣ ጠቋሚዋ እዚያው ስማቸው ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። እንግዲህ...