ባለጸጋው ስለ ድሀው ሲናገር

[አራት ኪሎ፤ ማለዳ፤ የታክሲ ሰልፍ]

አራት ኪሎ ላይ ታክሲ በሚጠብቀው ረጅም ሰልፍ አጠገብ መስታወቱ የጠቆረ ቪ ኤይት መኪና ወደ ፓርላማው ሲያልፍ፣ ከተሰለፉት አንዱ «ስለ ኑሮ ውድነት ሊያወሩልን ነው» ብሎ ሲያሽሟጥጥ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው ተረትም ሽሙጡን የሚደግፍ ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ተረቱ የሚወቅሰው የተራበውን የዘነጋውን እንጂ፣ ጠግቦ ሳለ ስለ ተራበው የሚናገረውን አይደለም።

[ስድስት ኪሎ፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢ]

ከዚሁ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የከሸፈውን መፈንቅለ መንግሥት ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር የመራው ግርማሜ ንዋይ ከመኳንንት ወገን የተወለደ፣ በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። በወላይታ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ሲጀምር ባለርስቶቹ አቤት አሉ፤ እርሱም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በዚህ ግቢ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በጥይት መገደላቸው በምንም አይስተባበልም። ስለ ጭሰኛው የተናገረው ግን የመኳንንት ልጅ በመሆኑ ሐሰት አልሆነም።

የንግግሩ እውነትነት አንድ ጉዳይ ነው፤ ተናጋሪውን ማመን ሌላ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲገደብ ይደነግጋል። እንበልና ሦስት ቤት የሚያከራይ የምክር ቤት አባል ለእንዲህ ያለ ሕግ እጁን ቢያወጣ፣ ድምፁን የሰጠው በገዛ ኪሱ ላይ ነውና፣ እኔ ከተከራዩ አባል ይልቅ እርሱን አምናለሁ። ስለ ተከራይ እንባ ተናግሮ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከአዳራሹ የሚጠፋው ግን ሽሙጡ ይገባዋል።

በታንዛኒያ የጁሊየስ ኔሬሬ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የአሩሻ ድንጋጌ፣ መሪዎች የኩባንያ አክሲዮን እንዳይዙ፣ ሁለት ደመወዝ እንዳይበሉና ቤት እንዳያከራዩ ተከልክለው ነበር። የእኛው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ደግሞ «አስመዝግቡ» ይላል እንጂ «አትያዙ» አይልም።

[ወደ ሰልፉ መመለስ፤ የመኪናው ሰሌዳ]

የዚያ መኪና ሰሌዳ ኮድ 4 ከሆነ ንብረትነቱ የመንግሥት ነው። መኪናው፣ ነዳጁና ሾፌሩ በባለሥልጣኑ ስም የተመዘገቡ ሀብቶች ስላልሆኑ፣ በመዝገብ ላይ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር መስሎ የሚታይ ሹም ታክሲ ሳይሰለፍ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ።