መኩኑ፣ ሳላላ እና የእማዬ ስልክ

ቢኒያም፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ዓረብ ባሕር ሳይክሎኖች፣ ባሕር ላይ ተነስተው እየዞሩ ስለሚመጡት ብርቱ ማዕበሎች ነው። እንዴት ይነሳሉ? እንዴትስ ይተነበያሉ? ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምንጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ሰኒ፣ ከምን እንጀምር?

ሰናይት፦ ከስሙ።

ቢኒያም፦ አሁንም?

ሰናይት፦ ባለፈው ሳይቋጭ ነዋ የቀረው! ላልሰማችሁ፣ በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ለሚነሳ ሳይክሎን ስም የሚያዋጡት 13 አገሮች ናቸው። ሕንድ፣ ኦማን፣ የመን፣ ኢራን፣ ማልዲቭስ እያለ ይሄዳል። በ2020 እያንዳንዳቸው 13 ስም ሰጥተው 169 ስም ያለው ዝርዝር ወጣ። ማዕበል በተነሳ ቁጥር ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተራው የደረሰውን ስም ይሰጠዋል። እኛ የለንበትም።

ቢኒያም፦ ባሕር የለንማ።

ሰናይት፦ ሶማሊያስ? ያን ሁሉ ጠረፍ ይዛ እሷም የለችበትም። ለማንኛውም እኛ ብንገባ የማቀርበው ስም አለኝ። ናደው።

ቢኒያም፦ ኧረ በስማም!

ሰናይት፦ «ሳይክሎን ናደው ወደ ኦማን ጠረፍ እየተጠጋ ነው።» ሰምቶ የማይሸሽ አለ?

ቢኒያም፦ አይቀበሉሽም። ደንቡን አይቼዋለሁ። ከስምንት ፊደል አይበልጥ፣ ማንንም አያስቀይም፣ የወንድ የሴት አይሁን ይላል። ናደው የጎረቤታችን ስም ነው፣ ወንድ ነው።

ሰናይት፦ ሰውዬው አይስማ እንጂ ሌላው አያሳስበኝም።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን...

ሰናይት፦ ርዕሳችን ላይ ነኝ። መኩኑ የሚባለውን ሳይክሎን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ እኮ። ማልዲቭስ ነች ስሙን ያወጣችለት። ግንቦት 2018፣ ሳላላ። ያኔ ሆቴል ወጥ ቤት ነበር የምሠራው።

ቢኒያም፦ ሳላላ ማለት ከኦማን በደቡብ በኩል፣ ወደ የመን የምትጠጋው ናት አይደል?

ሰናይት፦ አዎ። ዕጣን የሚበቅልበት አገር። ረመዳን ነበር። ከሰዓት በኋላ ለአፍጥር ሳምቡሳ እየጠቀለልን ነው። ሼፉ ገባና «ዛሬ ለውጭ ጠረጴዛ አይዘረጋም፣ ወንበሩን ሁሉ ወደ ውስጥ» አለ። ዓይነ ስውር ካልሆንክ ባሕሩ ራሱ ይነግርሃል። ገና ዝናብ ሳይመጣ ሞገዱ መንገዱን እያለፈ ነበር። እና በዚህ መሃል ስልኬ አያርፍም። እማዬ ናት።

ቢኒያም፦ ከኮምቦልቻ?

ሰናይት፦ ከኮምቦልቻ! የጎረቤት ልጅ በስልኩ የሳተላይት ፎቶ ያሳያታል። እሷ ደግሞ ለኔ ታስተላልፋለች። «ሰኒዬ፣ መሃሉ የተበሳ ድፎ ዳቦ ይመስላል፤ እየዞረ ወዳንቺ ነው የሚመጣው።» ቢኒ፣ ሙት ልበልህ፣ እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ካለነው ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ትደውላለች። «አሁን ሶቆጥራ ደሴትን አልፏል።» «አሁን ዓይኑ ጠርቷል።»

ቢኒያም፦ እማማ ትንበያ ክፍል!

ሰናይት፦ ሳቅ አይደለም። ዓይኑ፣ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ፣ ሲጠራ ጉልበት አግኝቷል ማለት ነው። እሷ ይሄን ከየት ታውቀዋለች? ማየት ብቻ ነው። የሚገርምህ፣ ባለሙያዎቹም የሚሠሩት ይሄንኑ ነው።

ቢኒያም፦ ቆይ፣ እሱን አስፊው። ለሱ ነው የተሰበሰብነው።

ሰናይት፦ እመጣለሁ፣ ሌሊቱን ልጨርስ። አርብ ማታ ገባ። ዓይኑ ያረፈው ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ራይሱት ወደብ አካባቢ ነው። ዝናቡ ከላይ አልነበረም የሚመጣው፣ ከጎን ነው። በመስኮቱ ጠርዝ፣ ሲሊኮኑ ተላጥጦ በነበረበት በኩል ውሃው እንደ ክር እየተተኮሰ ይገባል። ፎጣ እንጠቀጥቃለን፣ ይረጥባል፣ እንጨምቃለን፣ መልሰን እንጠቀጥቃለን። የኤሲው ማስተንፈሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አደረ። መብራት ሲጠፋ ስልኬም አብሮ ዘጋ።

ቢኒያም፦ እማማስ?

ሰናይት፦ እሷማ አልተኛችም። ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የገባው መልእክት የጎረቤቱ ልጅ ነው፣ «እናትሽ ስልኬን አልመልስም ብላለች» የሚል።

ቢኒያም፦ (ሳቅ) የሱም ዕዳ ሆነ!

ሰናይት፦ ሳላላ ያን ዕለት በ24 ሰዓት ውስጥ 278 ሚሊ ሜትር ዘነበባት። ከሁለት ዓመት ዝናብ በላይ ማለት ነው። ግን ዋናው ነገር ምን መሰለህ? ቀድመው ነግረውናል። ኤርፖርቱ ተዘግቷል፣ ሰው ከጠረፍ ተነስቷል። እኔ ትንበያ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቢኒያም፦ እኔ አላምንም። ጋቲን ውሰጂ። ኅዳር 2020 ሶማሊያን የመታው። በ12 ሰዓት ውስጥ ንፋሱ በሰዓት ከ65 ወደ 185 ኪሎ ሜትር ዘለለ። ማንም እንዲህ ይሆናል ብሎ አልተነበየም። ሃፉን አካባቢ ገባ፤ በሁለት ቀን የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ ወረደ። በሶማሊያ ታሪክ እንዲህ ያለ ብርቱ ማዕበል ተመዝግቦ አያውቅም።

ሰናይት፦ እሱስ ናደው ነበር፣ እውነት ነው።

ቢኒያም፦ እና ትንበያው የት ነበር?

ሰናይት፦ ሁለት ነገር አታደባልቅ። የት ይሄዳል የሚለው አንድ ነው፣ ምን ያህል ይበረታል የሚለው ሌላ ነው። መንገዱን የሚወስነው በዙሪያው ያለው ትልቁ የንፋስ ፍሰት ስለሆነ ኮምፒውተር ደህና አድርጎ ይከተለዋል። ጉልበቱ ግን ዓይኑ ዙሪያ ባለች ጠባብ ቀለበት ነው የሚወሰነው። ጋቲ ደግሞ ትንሽዬ ነበር። ትንሽ ማዕበል ባንዴ ይነሳል፣ ባንዴ ይወድቃል።

ቢኒያም፦ ለሃፉኑ ዓሣ አጥማጅ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰናይት፦ እሱ... እሺ፣ ለሱ ብዙም የለውም።

ቢኒያም፦ አመንሽ!

ሰናይት፦ ግማሹን። የኔ ነገር ለኪው ማነው የሚለው ነው። አሜሪካኖቹ አትላንቲክ ላይ አውሮፕላን ማዕበሉ ውስጥ አስገብተው ይለካሉ። ዓረብ ባሕር ላይ ይህን አዘውትሮ የሚሠራ የለም። ስለዚህ ፎቶ ነው የሚታየው። በ1970ዎቹ ቨርነን ድቮራክ የሚባል አሜሪካዊ የደመናውን ቅርጽ አይቶ ከ1 እስከ 8 ነጥብ የሚሰጥበት ዘዴ አወጣ። ደመናው ምን ያህል ተጠቅልሏል? ዓይኑ ጠርቷል ወይ? ከነጥቡ ንፋሱ ይገመታል። እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቢኒያም፦ ድፎ ዳቦው!

ሰናይት፦ እኔ ምን አልኩህ? እማዬ ነጥብ መስጠት ብቻ ነው የቀራት።

ቢኒያም፦ ግን ለምን ግንቦትና ኅዳር? ክረምት ላይ ለምን አይመጣም? እኛ ጋ ሐምሌ ነሐሴ ነው የሚዘንበው።

ሰናይት፦ ጎሽ፣ ይሄ ደስ የሚል ነው። ሳይክሎን ቢያንስ ከ26 ዲግሪ ተኩል በላይ የሞቀ ባሕር ይፈልጋል። በዚያ ላይ የታችኛውና የላይኛው ንፋስ ብዙም የማይለያይ መሆን አለበት። ሐምሌ ላይ ከታች የሶማሊ ጄት የሚባለው ኃይለኛ ንፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፣ ከላይ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አለ። ደመናው ሊቆም ሲል አናቱን ይቆርጡታል። የሶማሊያና የኦማን ጠረፍ ባሕርም ይቀዘቅዛል፣ ንፋሱ የላዩን ውሃ ስለሚገፋው ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል። ስለዚህ ማዕበሉ ከዝናቡ ወራት በፊት ወይም በኋላ ነው የሚመጣው።

ቢኒያም፦ ሳላላም ያኔ ነው የምትለመልመው?

ሰናይት፦ ኸሪፍ ይሉታል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ጉም፣ ካፊያ፣ ሣር። ሐበሻ ሁሉ ጋቢ ያምረዋል። የባሕረ ሰላጤው ሰው ዝናብ ሊያይ በመኪና ይጎርፋል፣ እኛ ደግሞ ቡና አፍልተን እንሸኘዋለን...

ቢኒያም፦ ሰኒ፣ ሰዓቱ።

ሰናይት፦ እሺ፣ አንበጣውን ሳልናገር ግን አልወጣም። መኩኑ ከሳላላ አልፎ ሩብ አል ኻሊ ገባ። ሰው የሌለበት በረሃ። ዜናው እዚያ አበቃ። በአሸዋው ክምር መሃል ግን ሐይቅ ተፈጠረ። የረጠበ አሸዋ ደግሞ አንበጣ እንቁላል የሚጥልበት ነው። ሊደርቅ ሲል በጥቅምት ሉባን የሚባለው ሌላ ማዕበል መጥቶ እንደገና አረጠበው። ፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ያለውን ታውቃለህ? ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራብቶ ቁጥሩ 8 ሺህ እጥፍ ሆነ።

ቢኒያም፦ ከዚያ በየመን አድርጎ...

ሰናይት፦ የመን ጦርነት ላይ ናት፣ በቅጡ ማን ይከላከለዋል? በ2019 ተሻግሮ እኛ ጋ መጣ።

ቢኒያም፦ ይሄንንስ እኔም አውቀዋለሁ። ጥር 2020 ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መንጋ ውስጥ ገባ። የፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ መጥረጊያው ሊያነሳው አልቻለም። አብራሪው ወደ ቦሌ ይዞት ሄደ። ድሬ ያሉት ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ሰናይት፦ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወሎ ገባ። አጎቴ ቆቦ ማሽላው ሊታጨድ ደርሶ ነበር። ጣሳ እየደበደቡ፣ ጅራፍ እያጮሁ ዋሉ። ያኔ ደዋይዋ እኔ ሆንኩ፣ እማዬ አታነሳም።

ቢኒያም፦ ታዲያ ማዕበሉን ተንብየው፣ አንበጣውን ለምን አልተነበዩትም?

ሰናይት፦ ፋኦ ሮም ላይ የሚከታተል ክፍል አለው፣ ያስጠነቅቃልም። ግን እዚያ በረሃ ሄዶ የሚያይ ሰው ካልነበረ...

ቢኒያም፦ ስለዚህ አልተነበዩም።

ሰናይት፦ ስለዚህ አላዩም!

ቢኒያም፦ ለኔ ያው ነው።

ሰናይት፦ ያው አይደለም፣ ግን ሰዓት የለህም ስላልክ ተውኩህ።

ቢኒያም፦ ቀይ ባሕርንም ሳንነካ ቀረን። በሚቀጥለው። ኦማን የነበራችሁ፣ በተለይ ጥቅምት 2021 ሻሂን ሲገባ ባቲና ጠረፍ፣ ሱወይቅ አካባቢ የነበራችሁ ካላችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልን። እዚያ በኩል ከ1890 ወዲህ ሳይክሎን ገብቶ አያውቅም ይባላል።

ሰናይት፦ ሙስካት ሆናችሁ ጎኑ የሚባለውን ሳይክሎን ያያችሁም፣ የ2007ቱን። አጭር አድርጉት ግን፣ ሁለት ደቂቃ።

ቢኒያም፦ ይሄን የምትይው አንቺ ነሽ?