ኦርቪየቶ፦ አናቷም ውስጧም የሚታይ የኮረብታ ከተማ

አስቴር፦ ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን ከሮም በጠዋት ተነሥቶ ማምሻውን ለመመለስ በምትመች፣ በኢጣሊያ የኡምብሪያ ክልል በምትገኝ ጥንታዊት የኮረብታ ከተማ በኦርቪየቶ ላይ ያተኩራል። ከባለቤቴ ከፍቅሩ ጋር አብረን ጎብኝተናታል፤ ይሁን እንጂ ስለ አንዲት ከተማ የሁለታችን አስተያየት ተመሳሳይ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ዛሬም የምትሰሙት አንዳንድ ክርክር ያለበት ጨዋታ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ፍቅሩ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከቦታው አቀማመጥ ብጀምር ደስ ይለኛል፤ ሌላው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከእርሱ ነውና። ኦርቪየቶ ከባሕር ወለል በላይ 325 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዙሪያውን ገደል በሆነና አናቱ በተደላደለ አንድ ትልቅ ዓለት ላይ የተቀመጠች ናት። የአገራችንን አምባዎች ያየ ሰው ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ዓለቱን ጣሊያኖች ቱፎ ይሉታል፤ ዛሬ የቦልሴና ሐይቅ በሚገኝበት አካባቢ የነበሩ እሳተ ገሞራዎች የተፉት አመድና ፍርስራሽ ተጠቅጥቆ የደነደነ ሲሆን፣ ቤት ለመሸከም የሚበቃ ጥንካሬ እያለው በዶማ ለመፈልፈል ግን እጅግ የሚመች ነው። ከሥሩ ደግሞ ሸክላ አፈር ተነጥፏል። ከተማዪቱ ለጎብኚ የምታሳየው አብዛኛው ነገር ከዚህ ዓለት ጠባይ የተገኘ ነው ብዬ ስለማምን፣ ካቴድራሉ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው የከተማዋን ግማሽ ብቻ አይቷል እላለሁ።

አስቴር፦ ስለ ግማሹ ካቴድራሉ ዘንድ ስንደርስ እንከራከራለን። አሁን አድማጮቻችን እንዴት እንደሚሄዱ እንንገራቸው። ከሮም ተርሚኒ ጣቢያ በፍሎረንስ አቅጣጫ የሚሄደው የክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ያደርሳል። ባቡሩ የሚያወርደው ግን ከገደሉ ሥር፣ ኦርቪየቶ ስካሎ በሚባለው የታችኛው ሰፈር ነው። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ፉኒኮላሬ የሚሉት፣ በገመድ እየተሳበ ዳገቱን የሚወጣ ባቡር አለ፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይኛው አደባባይ ወደ ፒያሳ ካሄን ያወጣል።

ፍቅሩ፦ ይህ ፉኒኮላሬ ሥራ የጀመረው በ1888 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሞተር አልነበረውም። ላይ የቆመው ፉርጎ በርሜሉ በውኃ ይሞላና በክብደቱ ወደ ታች ሲንሸራተት ከታች ያለውን እየጎተተ ያወጣው ነበር። በ1970 ከተዘጋ በኋላ፣ በ1990 በኤሌክትሪክ ተተክቶ እንደገና ተከፍቷል። ለዘመናት ውኃ ያስጨንቃት የነበረች ከተማ በውኃ ኃይል ሰው ማመላለሷ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አስቴር፦ ፒያሳ ካሄን ላይ ስንወርድ የመጀመሪያው ክርክራችን ተነሣ። እኔ በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ እንሂድ ስል፣ አንተ ደግሞ ጉድጓዱ እዚሁ አጠገባችን እያለ ለምን እናልፈዋለን አልህ።

ፍቅሩ፦ ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው፣ የካቴድራሉ ፊት ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ በጠዋት ጥላ ውስጥ ይሆናል፤ በላዩ ያለው የወርቅ ሞዛይክ የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው። ሁለተኛው፣ ጉድጓዱ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ ከምሳ በፊት ቢጨረስ ይሻላል። ፖዞ ዲ ሳን ፓትሪዚዮ፣ ማለትም የቅዱስ ፓትሪክ የውኃ ጉድጓድ ይባላል። የተሠራበት ምክንያት ራሱ አንድ ትልቅ ታሪክ ነው። በግንቦት 1527 የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ ሠራዊት ሮምን ሲዘርፍና ሲያቃጥል፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ቀሌምንጦስ 7ኛ በቅዱስ መልአክ ግንብ ውስጥ ለወራት ተከበው ከቆዩ በኋላ፣ በታኅሣሥ ማንነታቸውን በልብስ ለውጠው አምልጠው ወደ ኦርቪየቶ መጡ። ከተማዋ በገደል የተጠበቀች ስለነበረች ጠላትን አልፈሩም፤ የፈሩት ጥማትን ነው፤ ለከበበ ሠራዊት ከመሰላል ይልቅ ትዕግሥት ይበቃዋልና። ስለዚህ ታናሹ አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ የተባለውን ታላቅ መሐንዲስ፣ ዓለቱን ሰንጥቆ ውኃ ድረስ የሚወርድ ጉድጓድ እንዲቆፍር አዘዙት።

አስቴር፦ አሠራሩን እኔ ልግለጸው፤ ምክንያቱም ወርጄ እስካየው ድረስ አንድ የውኃ ጉድጓድ ይህን ያህል ያስደንቀኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ጉድጓዱ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀትና 13 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሲሆን፣ በመካከሉ ባዶ የሆነ ትልቅ ሲሊንደር ይወርዳል። በዚህ ዙሪያ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው እየዞሩ ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው 248 ደረጃ አላቸው። ውኃ የሚያመላልሱት አህዮችና በቅሎዎች በአንደኛው በር ገብተው ይወርዱና፣ ታች ያለውን ድልድይ ተሻግረው እንስራቸው ሞልቶ በሁለተኛው ይወጡ ነበር፤ ስለዚህ ባዶው ከተጫነው ጋር በጠባብ መንገድ አይጋፋም። ደረጃው ዝቅ ዝቅ ያለና ሰፊ የሆነው ለሰው ምቾት ሳይሆን ለከብት እግር ታስቦ ነው። ብርሃን የሚገባው ወደ መካከሉ በተከፈቱ 70 መስኮቶች ነው፤ እየወረድክ በሄድክ ቁጥር መስኮቶቹ እየደበዘዙ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በበጋም ቢሆን አንድ ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል።

ፍቅሩ፦ እኔን የሳበኝ ደግሞ ግድግዳው ነው። ላይ ያለው ክፍል ከቱፎው የተፈለፈለ ስለሆነ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሸክላው ጋ ሲደርስ ግን አፈሩ እንዳይናድ በጡብ ተገንብቷል። ሥራው የተጠናቀቀው በ1537 ሲሆን፣ ያዘዙት ሊቀ ጳጳስ ግን በ1534 ስላረፉ ፍጻሜውን አላዩም። የፈሩት ከበባም አልመጣም።

አስቴር፦ በኦርቪየቶ የተቀመጡት ለጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም፣ በእነዚያ ወራት የአውሮፓ ታሪክ በዚያች ትንሽ ከተማ በኩል አልፏል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከንግሥት ካትሪን ጋር ያለው ጋብቻ እንዲፈርስለት መልእክተኞቹን የላከው እዚሁ ነበር፤ በ1528 የመጡት እስቴፈን ጋርዲነርና ኤድዋርድ ፎክስ የቤተ ክርስቲያንን አለቃ ያገኟቸው በተጎሳቆለ ቤት ውስጥ ነበር። ለእኛ ሰሚዎች ደግሞ ሌላ የሚያገናኘን ነገር አለ። የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ይዞ ደርሶ በጥር 1533 በቦሎኛ ከተማ ያቀረበው ለእኚሁ ለቀሌምንጦስ 7ኛ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ይህ ጉድጓድ ገና በመቆፈር ላይ ነበር።

ፍቅሩ፦ እሷ ደረጃውን ስትወጣ ይህን ሁሉ እያሰበች ነበር፤ እኔ ትንፋሼን ነበር የማስበው። ጉልበት የሚያማችሁ አድማጮች ይህን ልብ በሉ፤ የወረደ ሰው መውጣቱ አይቀርለትም፤ በመካከል አሳንሰር የለም።

አስቴር፦ ከጉድጓዱ ወጥተን በኮርሶ ካቩር ወደ መሐል ከተማ ሄድን። መንገዱ ሴራሚክና የወይን ጠጅ በሚሸጡ ሱቆች የተሞላ ነው፤ ብዙ የሚባልለት አይመስለኝም። በመንገዱ ላይ 47 ሜትር ቁመት ያለው ቶሬ ዴል ሞሮ የሚባል ግንብ አለ፤ ጊዜ ካጠረ ይህን መተው ይቻላል። ካቴድራሉ ግን ከጠባብ መንገድ ስትወጣ በድንገት ፊትህ ይቆማል። ግንባታው የተጀመረው በ1290 በሊቀ ጳጳስ ኒኮላስ 4ኛ ዘመን ሲሆን፣ ከ1310 ጀምሮ የሲየናው ሎሬንዞ ማይታኒ ሥራውን ተረከበ። ጎኑ ባዛልት በሚባል ጥቁር ድንጋይና ትራቨርቲን በሚባል ነጭ ድንጋይ በተራ የተነባበረ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ሞዛይኩን ያያል፤ እኔ የምመክረው ግን ዓይንን ዝቅ አድርጎ አራቱን ዓምዶች ማየት ነው። ከፍጥረት ጀምሮ እስከ ዕለተ ፍርድ ያለው ታሪክ በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾባቸዋል፤ በግራ ዳር ባለው ዓምድ ሔዋን ከአዳም ጎን ስትወጣ፣ በቀኝ ዳር ባለው ደግሞ ኩነኔ የገቡት እርስ በርስ ሲተራመሱ ይታያል። ሞዛይኩ በተለያየ ዘመን ብዙ ጊዜ የታደሰ ስለሆነ፣ የጥንቱን እጅ የሚያሳየው ቅርጹ ነው።

ፍቅሩ፦ ከተማዋ በዚያ ዘመን ለምን ይህን የሚያህል ካቴድራል እንዳስፈለጋትም መነገር አለበት። ሊቃነ ጳጳሳቱ ሮም ስትታወክ ወደዚህ አምባ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። በ1263 በቦልሴና አንድ ቄስ ሲቀድስ ከኅብስቱ ደም ፈሶ በማኅፈዱ ላይ እንደታየ በትውፊት ይነገራል፤ ጨርቁ ዛሬም በካቴድራሉ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። በቀጣዩ ዓመት በ1264 ኡርባን 4ኛ የሥጋ ወደሙን በዓል በመላው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲከበር ያወጁት ከኦርቪየቶ ሆነው ነው።

አስቴር፦ ወደ ውስጥ ስትገቡ በቀኝ በኩል ያለውን የሳን ብሪዚዮ ጸሎት ቤት ሳታዩ አትውጡ። ትከሻን መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ነጠላ ወይም ሻርፕ መያዝ መልካም ነው። ሥዕሉን ፍራ አንጀሊኮ በ1447 ጀምሮት ወደ ሮም ስለተመለሰ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየና፣ ሉካ ሲኞሬሊ ከ1499 እስከ 1504 ጨረሰው። በአንደኛው ግድግዳ ሐሳዊ መሲሕ መልኩ ክርስቶስን መስሎ ሲሰብክ፣ ዲያብሎስ ከኋላው ተጠግቶ ጆሮው ላይ ያንሾካሹክለታል። በግራ ጥግ ጥቁር የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ ሲኞሬሊ ራሱ፣ ሌላው ፍራ አንጀሊኮ ነው። ሥራውን የጀመረለትን ሰው አጠገቡ ማቆሙ ደስ የሚያሰኝ ምግባር ነው። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የሙታን ትንሣኤ ነው፤ መላእክት መለከት ሲነፉ ሰዎች ከነጭ ምድር ውስጥ በክንዳቸው እየተደገፉ፣ አንዳንዱ ገና አጥንት ሆኖ፣ አንዳንዱ ሥጋ ለብሶ ይወጣሉ።

ፍቅሩ፦ እንግዲህ ይህ ሥዕል የእኔን ክርክር አይደግፍም? በዚህች ከተማ ሁሉም ነገር ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጣው።

አስቴር፦ ዘዴኛ ነህ። ግን እውነቱን ለመናገር አንተ እዚያ ጸሎት ቤት የቆየኸው አጭር ጊዜ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና አልጠገብሁም ነበር። ስለዚህ ተለያየን። ለባልና ሚስት የምመክረው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሌላውን እያስቸኮለ ሁለቱም ሳይጠግቡ ከሚወጡ፣ የመገናኛ ቦታና ሰዓት ተቀጣጥረው በየፊናቸው ቢያዩ ይሻላል።

ፍቅሩ፦ እኔ በዚያ ሰዓት ከካቴድራሉ አደባባይ ከሚነሣው የአስጎብኚ ቡድን ጋር ወደ ዋሻዎቹ ወረድሁ። በከተማዋ ሥር ከ1,200 በላይ ዋሻዎች ተመዝግበዋል። ከሁሉ የቆዩት፣ ከሮማውያን በፊት እዚህ ይኖሩ የነበሩት የኤትሩስካውያን ጉድጓዶች ናቸው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ በሁለቱ ጎኖች እግር የሚያስገቡ ጎድጓዶች እየተፈለፈሉለት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሰዎች የዘይት መጭመቂያና የወይን ጠጅ ማከማቻ ሠርተዋል። ከገደሉ ጠርዝ አጠገብ ያሉት ክፍሎች ግድግዳቸው በትንንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ የርግብ ጎጆዎች ናቸው። ርግቦቹ በገደሉ ላይ በተከፈተ መስኮት ወጥተው ሜዳ ላይ ይመገቡና ይመለሳሉ፤ የተከበበ ሰው እርሻው ሳይደርስ ሥጋ ያገኛል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት በየትኛውም የካቴድራል ቅርጽ ላይ አላየሁም። ይሁን እንጂ፣ ምክንያቱ መቆፈሩ ብቻ ባይሆንም፣ ከሥር ያለው ሸክላ ሲንሸራተት ዓለቱ ስለሚሰነጠቅ የኢጣሊያ መንግሥት በ1978 ገደሉን ለማጠናከር ልዩ ሕግ አውጥቷል።

አስቴር፦ ምሳ ላይ ተገናኘን። ኡምብሪኬሊ የሚባል በእጅ የሚጠቀለል ወፍራም ፓስታ አለ፤ ከዱቄትና ከውኃ ብቻ ስለሚሠራ እንቁላል የለበትም፤ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ስልስ ካዘዛችሁት ለረቡዕና ለዓርብ የሚሆን የጾም ምግብ ነው። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው የዱር አሳማ ሥጋ ግን ለብዙዎቻችን የሚሆን አይደለም። የኦርቪየቶ ነጭ ወይን ጠጅ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሳይበርድ ባይጠጣ እመርጣለሁ።

ፍቅሩ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ባቡር ጣቢያ ስትመለሱ ሁሉም ሰው በፉኒኮላሬ ይወርዳል። ጊዜ ያለው ግን በእግሩ ከገደሉ ሥር ወዳለው ክሮቺፊሶ ዴል ቱፎ ወደሚባለው የኤትሩስካውያን መቃብር ቢሄድ ይጠቀማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ምዕተ ዓመት፣ መቃብሮቹ እንደ ቤት በመንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ተሠርተዋል፤ በየበሩ ጉበን ላይ የባለቤቱ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ተቀርጿል። ሮማውያን በ264 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተማዋን አፍርሰው ሕዝቡን ወደ ቦልሴና ሲያፈልሱ፣ ላይ የነበረው ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ይህ ግን ቀረ።

አስቴር፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ካቴድራሉንና መቃብሩን አነጻጽር ብባል ግን አሁንም ለካቴድራሉ እፈርዳለሁ። በተግባር ግን መቃብሩ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ፣ ልታዩት ካሰባችሁ ከምሳ በኋላ ረዘም ያለ ቡና አትጠጡ። የመዝጊያውንም ሆነ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ከሮም ሳትነሡ ተመልከቱ፤ የክልሉ ባቡር በእሑድና በበዓል ቀን ቁጥሩ ይቀንሳልና።