ካቻቪቴው የገባበት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማስታወሻውም አሁን ከፊቴ ተዘርግቷል። ነገር ግን ካለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ ሐሳቤ ከመዋኛ ገንዳችን አልወጣ ስላለኝ ስለ እርሱ እናገራለሁ። አዎን፣ ያው ገንዳ ነው፤ ከመሬት በላይ የቆመው፣ «በሦስት ቀን ተክዬ እጨርሰዋለሁ» ብዬ የፎከርኩበት። «ሦስት ቀን» በዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቁ ወደዚያ አልመለስም።

ቅዳሜ ጠዋት ማጣሪያውን ላጥብ ወጣሁ። ጋሽ ጎርናናው እንደ ልማዱ ያጉረመርም ነበር። (ፓምፑ ከአምናው የተሻለ ጤና ላይ ነው፤ ስለ ጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ።) ከላይ ቅጠልና ቆሻሻ ከሚስበው ከመሳቢያው አፍ ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ቀለሙ ውሃ እንደ ቋጠረ ቆዳ አብጦ አየሁ። እብጠቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ከእርሱ ሥር ግን አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር ላሜራውን ተከትሎ፣ ግድግዳው እስከ ቆመበት ሐዲድ ድረስ ወርዷል። ካቻቪቴው በእጄ ነበር። ጫፉን እብጠቱ ላይ አስደግፌ በቀስታ ጫን አደረግሁት።

ገባ። ኃይል አልተጠቀምኩም፤ ይህን ደጋግሜ የምናገረው ለራሴም ጭምር ነው። ብረት ሲበሳ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም፤ ካቻቪቴው እርጥብ ካርቶን ውስጥ እንደሚገባ ገባ፤ እጄም ከእርሱ ጋር ትንሽ ወደ ፊት ሄደ። ሳወጣው ዝገቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈርፍሮ ጫማዬ ላይ ወደቀ። ከዚያም ዞር ብዬ የቤቱን መስኮት ተመለከትኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሚረብሸኝ ይህ ዞር ማለቴ ነው። አንድ ሰው ገንዳው ሲበሳ መጀመሪያ የሚያየው ገንዳውን መሆን ነበረበት።

ውሃ ግን ጠብ አላለም። ይህ ገንዳ ክፉ ጸባዩ እዚህ ላይ ነው። ውሃውን የሚይዘው ከውስጥ የተዘረጋው የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ላሜራው ደግሞ ሽፋኑን ደግፎ ይይዛል። ስለዚህ ብረቱ ከጀርባ ተበልቶ ቢያልቅም የውሃው ከፍታ በአንዲት ጣት እንኳ ላይቀንስ ይችላል። እኔም ውሃው እስካልቀነሰ ድረስ ገንዳው ደኅና ነው እያልኩ በየሳምንቱ የምለካው ውሃውን ነበር።

ማታ ማታ የማሰላው ስሌት አለ። የገንዳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 4.5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.2 ሜትር ነው፤ ይህም ወደ 19,000 ሊትር፣ ማለትም ወደ 19 ቶን የሚጠጋ ውሃ ነው። የዚህን ክብደት መሬቱ ይሸከመዋል፤ ላሜራው የሚታገለው ከጎን ግፊቱ ጋር ነው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ብትቆርጡት፣ ያ መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጎተተው ከ1.5 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ነው። ይህን ሁሉ የሚይዘው ከ1 ሚሊሜትር የሳሳ ብረት ነው። እኔ የበሳሁት ቦታ ደግሞ ግድግዳው ቀድሞውኑ ከተቆረጠበት ከመሳቢያው አፍ ሥር፣ ሁለቱ የላሜራው ጫፎች በብሎን ከተጋጠሙበት መስመር በሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ከዚህ የባሰ ቦታ ምረጥ ብባል አላገኝም ነበር።

መንስኤውን ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም። በመሳቢያው አፍ ዙሪያ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ውሃ እንዳያሾልክ የሚያሽገው ላስቲክ፣ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ውሃው በሽፋኑና በላሜራው መካከል ጠብታ በጠብታ ሲወርድ ኖሯል። ውሃው ደግሞ ጨዋማ ነው፤ ጨዉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሊትር 3 ግራም ገደማ ነው፤ ምላስ እምብዛም አይለየውም። በ19,000 ሊትር ስታባዙት ግን 57 ኪሎ ጨው ይሆናል። ልጆቹ ዓይናቸው በክሎሪን እንዳይቃጠል ከጨዉ ክሎሪን የሚያመርተውን መሣሪያ ያመጣሁ ቀን የተሰማኝን ኩራት ታስታውሳላችሁ፤ አንድ ሙሉ ክፍል ስለ እርሱ ለፍልፌያለሁ። ላሜራውን የለበጠው ዚንክ ሥራው ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ማስበላት ነው። ዚንኩ ሥራውን ሠርቶ አልቋል። አሳዝኖኛል፤ ዚንክ ማለቴ ነው። ማንም ሳያየው እንደዚያ ተበልቶ ማለቅ… ይሁን፣ እንለፈው።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰማያዊ ቀለም ቀብቼው ፎቶውን ያሳየኋችሁ፣ እናንተም «እጅህ ይባረክ» ያላችሁኝ ያ ሥራ፣ ከሥሩ ዝገት ነበረበት። ላዩን በሽቦ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ አድርጌ ቀባሁት እንጂ ብረቱ ነጥቶ እስኪታይ አልፋቅሁትም። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ቀለሙም እርጥበቱን አፍኖ ያቆይለታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁስሉን በሚያምር ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እየመጣሁ ጨርቁን ሳደንቅ ነበር።

አሁን ጥያቄው መጠገን ወይስ መተካት ነው። መጠገኑ የሚቻል ሥራ ነው፤ አይቻልም የሚለኝ ሰው ካለ እከራከረዋለሁ። ውሃው ይደፋል፣ ሽፋኑ ይነሣል፣ ዝገቱ እስከ ጤነኛው ብረት ይፋቃል፤ የቀረው በአሲድ ይታከማል፣ ዚንክ የበዛበት ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ከቀዳዳው በጣም የሚሰፋ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከውስጥ በኩል ይለጠፍበታል፣ ጠርዙም ሽፋኑን እንዳይቆርጥ ይሸፈናል። ጎረቤታችን ቁራጭ አሉሚኒየም ይዞ መጥቶ «ይህ አይዝግም» አለኝ። ልቡ ደግ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ጨዋማ እርጥበት ውስጥ ካነካካችሁ ግን አንዱ ሌላውን ያስበላል። ምስጋናዬን አቅርቤ ቁራጩን ተቀበልኩ፤ በሩ ሥር አድርጌዋለሁ፤ በሩ አሁን አይንኳኳም።

ችግሩ ሽፋኑ ላይ ነው። ያረጀ የፕላስቲክ ሽፋን ውሃው ከተነሣለት ይኮማተራል፤ ተመልሶ ልክ ቦታው የመግባቱ ነገር ተስፋ አይጣልበትም። ስለዚህ መጠገን ማለት አዲስ ሽፋን መግዛት ማለት ነው፤ አዲስ ሽፋን በተጠገነ አሮጌ ግድግዳ ላይ ማልበስ ደግሞ… ይኸው፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። በሌላ በኩል፣ ብተካው ጋሽ ጎርናናውም ማጣሪያውም መሰላሉም ለአዲሱ ያገለግላሉ። የማይዝግ ነው እየተባለ የሚሸጠውንም ተመልክቻለሁ፤ ምሰሶውና የላይኛው ጠርዙ ፕላስቲክ ሆኖ ግድግዳው ግን አሁንም ብረት የሆነ ብዙ አለ። እኔ የተበሳብኝ ምሰሶው አይደለም።

ለራሴ አንድ መስፈርት አውጥቼ ነበር። ዝገቱ ላዩን ብቻ ከሆነ እጠግናለሁ፤ መጋጠሚያውን ወይም የታችኛውን ሐዲድ ከነካ እተካለሁ። መስፈርቱ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሐዲዱ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ ከውስጥ በኩልም በሽፋኑና ከሥሩ ባለው አሸዋ ተሸፍኗል። ገንዳውን ሳላፈርስ ላየው አልችልም፤ ካፈረስኩት በኋላ ደግሞ ውሳኔው የእኔ መሆኑ ይቀራል።

እውነቱን ልናገር፤ ስለ ሽፋንና ስለ ሐዲድ ይህን ያህል የማወራው ስለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዳላወራ ይመስለኛል። ካቻቪቴውን ካወጣሁ በኋላ ቀዳዳውን ጠርጌ በፕላስተር ሸፈንኩት። ፕላስተሩም ሰማያዊ ነበር፤ ተመሳሳይ እንዲሆን መርጬ። ለማንም አልተናገርኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ገቡ። ትንሿ ከመሰላሉ ላይ በዘለለች ቁጥር ማዕበሉ ዞሮ መጥቶ ግድግዳውን ይመታል። እኔ በውጭ በኩል ቆሜ መዳፌን ፕላስተሩ ላይ አሳርፌ ነበር። መዳፍ 1.5 ቶን የሚይዝ ይመስል። «አባዬ፣ አንተ ለምን አትገባም?» አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት።

ምንም አልሆነም። ሰዎች ይህን ስነግራቸው «ይኸው ምንም አልሆነም» ይሉኛል፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት ምንም ያልሆነው እኔ ስለጠበቅሁት አይደለም፤ እንዲያው የቀረው ብረት ስለቻለ ነው። ደግሞም ምናልባት አጋንኜው ይሆናል፤ ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ከዚህ በባሰ ዝገት ዓመታት የቆመ ገንዳ አለ። ይህንም የምለው ማታ ማታ ነው።

ለባለቤቴ ሰኞ ነገርኳት። ቀዳዳውን አየችው፣ ጣቷን አስገባች፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያየኸው ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እኔም «ቅዳሜ ነው» አልኳት። እንደምታውቋት ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ያን ቀን ማታ ውሃውን ወደ 60 ሴንቲሜትር አወረድኩት። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ግድግዳውን የሚጎትተው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የቀረው ውሃም ወለሉ ላይ ያለውን ሽፋን ከመኮማተር ይይዘዋል። ማንም እንዳይገባም መሰላሉን አነሣሁ። ውሃው ከመሳቢያው አፍ በታች ስለሆነ ፓምፑን አጥፍቻለሁ፤ ዛሬ ከኋላዬ የጋሽ ጎርናናው ድምፅ ያልተሰማችሁ ለዚህ ነው። ጸጥታው ለእኔም እንግዳ ሆኖብኛል፤ ቀረጻውን ሁለት ጊዜ አቋርጬ ማሽኑ መሥራቱን አረጋግጫለሁ።

ነገ ጠዋት በመጋጠሚያው በኩል አፈሩን ቆፍሬ ቢያንስ የሐዲዱን ውጫዊ ጎን አያለሁ። ወይም መጀመሪያ… መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር እነጋገራለሁ፤ ጥያቄዋ አሁንም እንደ ተጠየቀ ነው። መብራቱም ጓዳው ውስጥ በርቷል፤ አልተኛችም ማለት ነው፤ እንግዲህ…