ደሞዙ በየትኛው ገንዘብ ነው የሚከፈለው?

(ሱሉልታ ውስጥ የተቀዳ የፖድካስት ውይይት፣ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ብሩክ፦ ዛሬ የምናወራው ውጭ ሀገር ስለመኖር ነው። ስለ ቪዛ ግን አናወራም፤ እሱን ዩቲዩብ ላይ ሃያ አራት ሰዓት የሚያወራ አለ። እኛ የምንፈልገው ከተደረሰ በኋላ ያለውን ነው። ምን ይታያል፣ በምን ገንዘብ ይኖራል፣ የተጠራቀመውስ ምን ይሆናል።

ሰላም፦ በተለይ የመጨረሻው። እዚህ ሱሉልታ ከዋናው መንገድ ገባ ስትል ጅምር ቤት ነው የምታየው አይደል? ፌሮው ወደ ላይ ቆሞ፣ አጥሩ አልቆ፣ ቤቱ ሳያልቅ። የትኛው የዱባይ፣ የትኛው የጅዳ፣ የትኛው የቤይሩት ገንዘብ እንደሆነ የሰፈሩን እናቶች ብትጠይቅ አንድ በአንድ ይነግሩሃል።

ብሩክ፦ ማን ቤት እንደቆመበት ጭምር ይነግሩሻል።

ሰላም፦ እሱማ! እና እኔ የምለው፣ የምንዛሪ ነገር እዚህ ሰፈር ግድግዳው ስንት ብሎኬት ላይ እንደሚቆም የሚወስን ነገር ነው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ካንቺ እንጀምር። ኢስታንቡል ተምረሻል፣ ሊራው ሲወድቅም እዚያው ነበርሽ።

ሰላም፦ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. 2021 ሲጀምር አንድ ዶላር ሰባት ሊራ ተኩል ገደማ ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ታኅሣሥ ላይ፣ 18 አለፈ። ከዚያ መንግሥት በሊራ ላስቀመጠ ሰው የምንዛሪ ኪሳራውን እኔ እችላለሁ ሲል በቀናት ውስጥ ወደ 11 ተመለሰ። አስበው፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ሳምንት። ጠዋት ያየኸው ዋጋ ማታ የለም። አንዳንዱ ባለሱቅ ወረቀት መቀየሩ ሰልችቶት ዋጋውን በቃሉ ነበር የሚነግርህ።

ብሩክ፦ ምን ነክቷቸው ነው ግን?

ሰላም፦ ዋጋ እየናረ እያለ ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን አወረደዋ! መስከረም ላይ 19 በመቶ የነበረውን ታኅሣሥ ላይ 14 አደረሰው። ፕሬዚዳንቱ ኤርዶዋን ከፍተኛ ወለድ ነው ዋጋን የሚያንረው ብለው ነው የሚያምኑት፤ የኢኮኖሚ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒውን ይላሉ። እስኪ እንግዲህ ማን ልክ እንደነበረ ገበያው ላይ ታየ።

ብሩክ፦ የአንቺ ገንዘብስ?

ሰላም፦ ስኮላርሺፑ የሚከፍለው በሊራ ነው። ዶርም አለ፣ ምግብ አለ፣ ስለዚህ ለዕለት ኑሮ ያን ያህል አልተንገላታሁም። ዳቦውም ሻዩም በሊራ ነው፣ የሚጨምረው ትንሽ ዘግይቶ ነው። ጉዱ የሚፈላው ቤት ገንዘብ ልላክ ስትል ወይም ትኬት ስትቆርጥ ነው። ያኔ ያጠራቀምከው ግማሽ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ማንም ሳይሰርቅህ። ቱርኮቹ ግን ለምደውታል። ሠርግ ላይ ለሙሽሮች የሚሰጡት ትንሽ የወርቅ ሳንቲም አለ፣ ቼይሬክ ይሉታል፣ በቀይ ሪባን ይሰኩላቸዋል። መጀመሪያ ሳየው ጌጥ መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ ነው ቁጠባ መሆኑ የገባኝ። ሊራ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ካፓሊቻርሺ፣ ትልቁ የተሸፈነ ገበያ፣ ወርቅ ቤቶቹ ጋ ነበር።

ብሩክ፦ አያ ሶፊያንስ በደንብ አየሽው?

ሰላም፦ ስንቴ! እ.ኤ.አ. በ537 ነው የተሠራው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ኖረ፣ በ1453 መስጊድ ሆነ፣ በኋላ ሙዚየም፣ ከ2020 ጀምሮ እንደገና መስጊድ። ስትገባ ጉልላቱ ሥር ቀና ብለህ ትቀራለህ፣ አንገትህን እስኪያምህ። ያኔ መግቢያው ለሁሉም ነፃ ነበር። ከ2024 ወዲህ ግን የውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ ይከፍላል። ዩሮ ነው ያልኩህ፣ ልብ በል።

ብሩክ፦ በሊራ አይደለም?

ሰላም፦ አይደለም። የገላታ ማማም እንደዚያው በዩሮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? የሀገሪቱ ገንዘብ ነገ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ኢኮኖሚስት አትጠይቅ፣ ሙዚየሙ በር ላይ ያለውን ዋጋ አንብብ።

ብሩክ፦ እኛስ ብትይ? ላሊበላ ለውጭ ዜጋ መግቢያው በዶላር ነው።

ሰላም፦ እኮ!

ብሩክ፦ እኔ ወደ ኖርኩባት ወደ ዱባይ ልምጣ። ዱባይ ታሪክ የላትም፣ መስታወትና አሸዋ ነች ይላሉ። ቡርጅ ኻሊፋ ሥር ብቻ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አል ፋሂዲ የሚባል የድሮ ሰፈር አለ፤ ቤቶቹ አናት ላይ ነፋስ የሚስቡ ማማዎች አሏቸው፣ መብራት ሳይኖር በፊት ቤት የሚያቀዘቅዙት በነሱ ነበር። ከዚያ አብራ የምትባለዋን የእንጨት ጀልባ ይዘሽ ወደ ዴይራ ትሻገሪያለሽ፣ አንድ ድርሃም ከፍለሽ። አንድ ድርሃም! እኔ የዕረፍት ቀኔን በሷ ላይ ነበር የማሳልፈው፤ ማዶ ሄጄ እመለስ ነበር፣ በቃ። አቡዳቢ ያለው የሼክ ዛይድ መስጊድም መግቢያው በነፃ ነው፤ ነጭ እብነ በረዱ ዓይን ይወጋል። በዱባይ ብዙ ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር አንድም ትዝ አይለኝም፣ የቤት ኪራይ ካልሆነ።

ሰላም፦ የምትኖረው ቤድ ስፔስ ነበር አይደል?

ብሩክ፦ አዎ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ተከራይቼ፣ እንደ ሁሉም አበሻ። ቤት ለብቻዬ እከራያለሁ ካልሽ ለዓመቱ ጥቂት ቼክ ቀን ጽፈሽ ቀድመሽ ትሰጫለሽ፤ ቼኩ ስንቅ የሌለው ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ አልጋ። ግን በምንዛሪ በኩል አንድ ቀን አልተጨነቅኩም። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 3.6725፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ድርሃም ማለት ጀለቢያ የለበሰ ዶላር ነው።

ሰላም፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ ላስቁምህ። በዚያው በ1997 ሌላም ሀገር ገንዘቡን ከዶላር ጋር አስሯል። ሊባኖስ። የራሷ ሊራ አላት፣ 1507.5 ሊራ ለአንድ ዶላር።

ብሩክ፦ እውነትሽን ነው?

ሰላም፦ እውነቴን ነው። በአንድ ዓመት፣ ሁለት ሀገር። ከሃያ ዓመት በላይ ሁለቱም ሳይነቃነቁ ቆዩ። ቤይሩት ያለች እህታችንም ዱባይ ያለህ አንተም እኩል ነበር የምትተማመኑት። ልዩነቱ ከኋላ ያለው ነው። ኤምሬቶች ነዳጅ ሸጠው ያከማቹት ዶላር አላቸው። የሊባኖስ ባንኮች ግን ውጭ ካለው ሊባኖሳዊ ዶላር ይሰበስቡ የነበረው ከፍተኛ ወለድ እየከፈሉ ነው፣ ያንኑ መልሰው ለማዕከላዊ ባንኩና ለመንግሥት ያበድሩ ነበር። አዲስ ዶላር መግባቱ ሲቀንስ፣ 2019 ላይ፣ ባንኮቹ በራቸውን ዘጉ። በ2023 ጥቁር ገበያው ላይ አንድ ዶላር 100 ሺህ ሊራ አለፈ።

ብሩክ፦ መቶ ሺህ።

ሰላም፦ አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በድሮው ምንዛሪ 150 ዶላር ደሞዝ ማለት 226 ሺህ ሊራ ገደማ ነው። ማዳም ዶላር የለኝም፣ በሊራ ውሰጂ ብላ ያንኑ 226 ሺህ ሊራ ብትሰጥሽ፣ ያቺ 150 ዶላር ከሦስት ዶላር በታች ሆነች። ሥራው ግን ያው ነው። ምንጣፉ ያው፣ በረንዳው ያው።

ብሩክ፦ ብዙዎቹ እሱንም አላገኙም።

ሰላም፦ አላገኙም። በ2020 ሰኔ አካባቢ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አሠሪዎች እያመጡ የጣሏቸውን ሴቶች ዓለም ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አይቷል፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው። የኮሮና ጊዜ ነው፣ አየር ማረፊያ ዝግ ነው። ካፋላ በሚሉት አሠራር መኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ተነስቼ ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ ማለት አትችይም።

ብሩክ፦ ጎረቤታችን የነበረችው ትዝ አለችኝ። ከዚያ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ስለ በኣልቤክ ጠየቅኳት። የሮማውያኑ ቤተ መቅደስ፣ ስድስቱ ትላልቅ ዓምዶች። እኔ ፎቶውን አይቼ ልቤ ወድቆ ነበር። "እሱ ደግሞ የት ነው?" አለችኝ። እዚያች ትንሽ ሀገር ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ኖራ! ያየችው ዶራን ነው፣ አበሻ እሁድ እሁድ የሚገናኝበትን ሰፈር፣ እሱንም በኋላ ላይ እሁድ መውጣት ሲፈቀድላት።

ሰላም፦ ለዚህ ነው ሰው ሊሄድ ሲል ስለ ዕረፍት ቀን ጠይቁ የምለው። ከደሞዙ እኩል። ዕረፍት ያላት ሰው ታያለች፣ ሰው ታገኛለች፣ ገንዘቡ ስንት እንደሚመነዘር ትሰማለች፣ ስትበደል የምትነግረው ሰው አላት። የተዘጋባት ምንም አታውቅም። ቅርስ መጎብኘት የቅንጦት ነገር ይመስላል፣ ግን መውጣት ከቻልሽ ነው የሚጎበኘው።

ብሩክ፦ (መኪና ያልፋል) ሲኖትራኩ ይለፍ... እሺ። አሁን ወደ ብራችን እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በወር ጊዜ ውስጥ 100 አለፈ። ውጭ ላለው ሰው በባንክ ሲልክ አንድ ድርሃም ከ15 ብር ተኩል ወደ 27 ብር ገባ ማለት ነው። ያኔ ዱባይ ያለው ሁሉ ሀብታም የሆነ መስሎት ነበር።

ሰላም፦ አልሆነም ግን።

ብሩክ፦ አልሆነም። መጀመሪያ ነገር ብዙው ሰው ድሮም በባንክ አይልክም ነበር፤ ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ይሰጠዋል። ፌሮና ቆርቆሮ አስመጪውም ዕቃውን በዚያው በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው ሲያሰላ የኖረው። በወረቀት ላይ ብሩ በዛ፣ ቤቱ ግን በዚያ ልክ ከፍ አላለም። የተጎዳው ደግሞ ሌላ ነው። ውጭ እወጣለሁ ብሎ በብር እቁብ ሲጥል የነበረው ልጅ። እቁቡ ደርሶት ትኬትና ክፍያውን ሲያሰላ ሁሉም በዶላር ሆኖ ጠበቀው።

ሰላም፦ ሌላም አለ። ከዚያ በፊት ለዓመታት እየላከች እዚህ በብር ባንክ ያስቀመጠች። በላከችበት ቀን 30 ብር የነበረ ዶላር ነው፣ ዛሬ ያንኑ ዶላር ልግዛ ብትል የት ታገኘዋለች? የኔ ነገር አጭር ነው። ገንዘቡን የምታወጪው በምንድነው? እዚህ ሲሚንቶ ልትገዢበት ከሆነ ቶሎ ሲሚንቶ አድርጊው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሀገር ልትሻገሪበት ከሆነ በብር አታስቀምጪው። ውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ እዚህ ባንክ በውጭ ገንዘብ ሒሳብ መክፈት ይችላል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

ብሩክ፦ አንቺው ራስሽ የሊባኖስን ባንክ ነግረሽኝ? ዶላር ያስቀመጡትም እኮ ማውጣት አልቻሉም።

ሰላም፦ ልክ ነህ፣ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ አይሁን እላለሁ።

ብሩክ፦ እኔ መሬት ነው የምልሽ። መሬት አይመነዘርም፣ አይወድቅም።

ሰላም፦ ተው እባክህ ብሩኬ! መሬትስ ካርታው የማን ስም ነው? አጎት ስም? የወንድም ሚስት ስም? ሊራ ከወደቀባት ሴት ይልቅ ወንድሟ የሸጠባት ትበዛለች እዚህ ሰፈር።

ብሩክ፦ እሱን... እሱን አልከራከርሽም።

ሰላም፦ ለተጓዥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልበል። ከዚህ ስትወጣ ከባንክ ዶላር ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘህ ሂድ። የተቀዳደደ፣ የተጻፈበት ወይም የቆየ ሕትመት ዶላር አትቀበል፣ ኬንያና ታንዛኒያ ላይ አሮጌውን አይወስዱልህም። አየር ማረፊያ ላይ ለታክሲ የሚሆን ብቻ መንዝር፣ የቀረውን ከተማ።

ብሩክ፦ ካርድ ያለው ደግሞ ማሽኑ "በካርድህ ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በዚህ ሀገር ገንዘብ?" ሲለው ሁልጊዜ በዚያ ሀገር ገንዘብ ይበል። በሌላኛው ማሽኑ የራሱን ምንዛሪ ነው የሚያሰላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ውድ ነው።

ሰላም፦ ውል የምትፈርሙ ደግሞ ደሞዝ የሚለው መስመር ላይ ቁጥሩን ብቻ አታንብቡ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ፣ ዶላር ነው፣ ሪያል ነው፣ ሊራ ነው? የሳዑዲ ሪያልም እንደ ድርሃሙ ታስሯል፣ 3.75 ለአንድ ዶላር፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ። ሊራ የሚል ካያችሁ ግን ጠይቁ፣ በዶላር ይጻፍልን በሉ። እምቢ ካሉ በየወሩ ሳታቆዩ ቀይሩ።

ብሩክ፦ ስለ ካርታ ያነሳሽው ግን፣ ከውክልናው ጋር፣ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል። ቆንስላ ሄዳችሁ ውክልና የሰጣችሁ፣ ምን ብላችሁ እንደሰጣችሁ በድምፅ ላኩልን። መሸጥ መለወጥ የሚል ቃል አለበት የለበትም፣ እሱን አይታችሁ።

ሰላም፦ አሁኑኑ እዩት፣ እኛን ሳትጠብቁ።