ቀይ ካለ አይለቀቅም

የሙያ ጓደኞቼ፣ አለቆቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ለዌብ አፕሊኬሽን አውቶማቲክ ቴስት አዘረጋግ» የሚል ነው። አውቶማቲክ ቴስት ማለት ሲስተሙ በትክክል መሥራቱን ራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። እሺ፣ እደርስበታለሁ። ግን እዚህ የቆምኩት አንድ ነገር አንጀቴን ስላሳረረው ነው። መጀመሪያ እሱን ላውጣው።

ክፍያ ልንፈጽም እንሄዳለን፣ «ሲስተም የለም»። መታወቂያ ልናሳድስ እንሄዳለን፣ «ሲስተም የለም»። ሰው ለምዶታል። ወረቀቱን አጥፎ ነገ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ እሺ፣ ምን ይደረጋል። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው እንኳ አንዋሻሽ። ስንቱ «ሲስተም የለም» ነው እኛው ማታ በለቀቅነው ኮድ የመጣው?

የ2015ን ጳጉሜን ታስታውሳላችሁ። ስድስት ቀን ነበረች። አንድ የአውቶብስ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ ነበር። ስሙን አልጠራም። ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሠራችሁበትም አላችሁ፣ አትሳቁ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰኞ ነው የዋለው። ሰው በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ለመዋል ይጣደፋል። የጉዞ ቀን መምረጫውን ሲከፍት ጳጉሜን 5 ላይ ያልቃል። ቀጥሎ መስከረም 1። ስድስት የምትባል ቀን የለችም! ደሴ የሚሄደው አውቶብስ ሰኞ ጠዋት ይነሳል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ትኬት ግን መቁረጥ አይቻልም። ሲደወል መልሱን ታውቁታላችሁ።

የባሰው ሌላ ነው። ማክሰኞ ለመጓዝ መስከረም 1ን የመረጡ ሰዎች ነበሩ። ለሲስተሙ መስከረም 1 ሰኞ ናት፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ዘሏል። እነዚህ ሰዎች ማክሰኞ ንጋት ላይ ሻንጣና ዶሮ ይዘው መናኸሪያ መጡ። አውቶብሳቸው በዋዜማው ሄዷል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አንዲት መስመር ናት፤ «ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ 5 ነው» የምትል። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉት 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። 2015ን አካፍሉት፣ 3 ይተርፋል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን አያቴ ያለ ኮምፒውተር ታውቃለች።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ቴስቱ ተጽፎ ነበር! አንዲት ተለማማጅ ልጅ ሐምሌ ላይ በፕሌይራይት፣ ድረ ገጽን እንደ ሰው እየከፈተ በሚፈትሽ መሣሪያ፣ ጽፋዋለች። ብሮውዘሩ ይከፈታል፣ ቀን መምረጫው ወደ ጳጉሜን ይገለበጣል፣ 6 ይፈለጋል። ቀይ፤ ወደቀ ማለት ነው። በማግስቱም ቀይ። ኃላፊው ምን አለ? «ለጊዜው ስኪፕ አድርጊው፣ ዴሞ አለብን።» ስኪፕ ተደረገ፣ ቴስቱ ታለፈ። ዴሞውም፣ ማለትም የሥራው ማሳያ፣ አማረ፣ ተጨበጨበ።

ልጅቷ ሥራዋን ሠርታለች! ማሽኑም ሥራውን ሠርቷል! የጠፋው «አይሆንም» ሲባል የሚሰማ ሰው ነው። መልቀቅን ማስቆም የማይችል ቴስት ጌጥ ነው፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት! ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ አለቆቻችን «ለቴስት ጊዜ የለም» ትሉናላችሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ደውላችሁ ስትቀሰቅሱን ጊዜው ከየት ይመጣል? የጨረታ ሰነድ ታወጣላችሁ። ለሥልጠና በጀት አለ፣ ለምርቃቱ ድግስ እንኳ አለ። ለቴስት ግን ቤሳ ቤስቲን የለም!

እሺ፣ ወደ አዘረጋጉ።

በመቶ ቴስት አትጀምሩ። አንድ ብቻ ጻፉ። ደንበኛው ከመግቢያው እስከ ክፍያው የሚሄድበትን መንገድ ይከተል። ክፍያው እውነተኛ ገንዘብ አይንካ፤ የሙከራ አካውንት ተጠቀሙ። ከዚያ ኮዳችሁን በምታስቀምጡበት ጊትሃብ ላይ ዋናውን ብራንች፣ ማለትም ዋናውን የኮድ ቅጂ፣ ቆልፉት። ቴስቱ አረንጓዴ ካላለ ኮዱ አይቀላቀልም። አድሚንም እንዳያልፍ የሚከለክል ምርጫ አለ፣ እሱንም አብሩት። ለግል ሪፖ፣ ለሌላ ሰው ክፍት ላልሆነ የኮድ ማከማቻ፣ ይሄ ቁልፍ የሚሠራው በሚከፈልበት አካውንት ነው። ያ ብር ይከፈል፣ ከድግሱ ይቀነስ።

መሣሪያው የፈለጋችሁት ይሁን። ሴሌኒየም ከ2004 ጀምሮ አለ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት ለጀማሪ ይቀላል። ነጻ ነው፣ በክሮሚየም፣ በፋየርፎክስና በዌብኪት ብሮውዘሮች ይሞክርላችኋል። የገጹን ሰዓት ወደ ፈለጋችሁት ቀን መውሰድም ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር የ2019ን ጳጉሜን 6 ዛሬውኑ ሞክሯት።

አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ የሚል ቴስት ሲያስቸግራችሁ «ሦስት ሰከንድ ጠብቅ» ብላችሁ አትለጥፉበት። በእኛ ኔትወርክ ሦስት ሰከንድ ምን አላት? ፕሌይራይት የሚጫነው በተን ዝግጁ እስኪሆን ራሱ ይጠብቃል።

የምትሞክሩበት ዳታ የእኛ ሰው ይምሰል። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ በየኪሱ አለ። በ09 ካልሆነ አልቀበልም የሚል ፎርም ግን ዛሬም ያጋጥመኛል። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ደንበኛ በ«ጸሀይ» ስትፈለግ መገኘት አለባት። ሰርቨራችሁ በዩቲሲ፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እሱ ገና ትናንት ላይ ነው፤ የዕለቱን ሪፖርት በዚያ ሰዓት አውጡና እዩት።

ስለ ሎድ ቴስትና ስለ ሴኪዩሪቲም እንድናገር ተጽፎልኝ ነበር። ሰዓቱን በብስጭት ጨረስኩት፤ ከሰዓት የሚናገሩት ከእኔ ይሻላሉ። ላፕቶፕ የያዛችሁ እዚሁ ቆዩ፣ ከሻይ በፊት የመጀመሪያውን ቴስት አብረን እንጽፋለን። አለቆችም አትሂዱ። ሆን ብለን አንድ ነገር እንሰብርና ኮዱን ለመቀላቀል ስንሞክር ጊትሃብ «አይሆንም» ሲለን ታያላችሁ።

አመሰግናለሁ።